በሰሜን ሸዋ ለአካል ጉዳተኛ ልጅ በቤት ውስጥ የሚሠራ ቴራፒ

የቤት ውስጥ ቴራፒ ሲባል፣ ባለሙያ ያሳየውን የሰውነት እንቅስቃሴ ቤተሰቡ ራሱ፣ ቤት ባለው ዕቃ፣ በዕለት ሥራው መሀል ልጁን ማሠራቱ ነው። በሰሜን ሸዋ ዞን ይህ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ የሚሆንበት ቤት ብዙ ነው። ከመንዝ ወይም ከመርሐ ቤቴ ገጠር ልጅ አዝሎ ደብረ ብርሃን ድረስ በየሳምንቱ መመላለስ ለገበሬ ቤተሰብ አይቻልም። ደግሞም ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ላለበት ልጅ በሳምንት አንዴ ከሚሠራ አንድ ሰዓት ይልቅ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ የሚሠራ አምስት ደቂቃ ይበጀዋል። ዕቃው ከሞላ ጎደል አለ፤ ጋቢ፣ አጎዛ፣ መደብ፣ ባላ፣ ሰፌድ፣ ባዶ ሃይላንድ። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ልኩ ነው።

አንገቱ ላልጸና ልጅ የመጀመሪያው ሥራ በሆዱ ማስተኛት ነው። አጎዛ ይነጠፍና ጋቢ ተጠቅልሎ፣ ሁለቱ ጫፉና መሀሉ በመቀነት ታስሮ፣ በልጁ ደረት ሥር ይገባል። የጥቅሉ ውፍረት ከልጁ ብብት እስከ ክርኑ ካለው ርዝመት ጥቂት ማነስ አለበት። ከወፈረ ክርኑ መሬት ሳይነካ ይንጠለጠላል፤ ከቀጠነ ልጁ ጉንጩን ጥሎ ይተኛል። አንድ እፍኝ ገብስ የተጨመረበት ሃይላንድ ከፊቱ፣ በዓይኑ ልክ ይንኳኳለታል። ከራሱ በላይ ከሆነ ጀርባውን ወደ ኋላ ይገትራል እንጂ አንገቱን አያጸናም። በሁለት ደቂቃ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል። ከበላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን አይሠራም፤ ያስመልሰዋል።

እግሩ እየተጠላለፈ ለሚገተር ልጅ አንቀልባ ራሱ ቴራፒ ነው፤ ጭኖቹን ከፍቶ ይይዛቸዋል። ጭንቅላቱ የሚወድቅ ከሆነ ግን ደጋፊ ይፈልጋል። እግሮቹን ገጥሞ፣ ቀጥ አድርጎ መጠቅለል ይጎዳዋል።

ጅማት ማሳሳብ ብዙ ስህተት የሚሠራበት ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የመንዝ ብርድም የታወቀ ነው። የበረደው ጡንቻ ይበልጥ ስለሚገተር ሥራው ፀሐይ ከሞቀች በኋላ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ወዲያ ቢሆን ይሻላል። በጣቱ ጫፍ ለሚቆም ልጅ ጉልበቱ ተዘርግቶ ይያዛል፤ ተረከዙ በመዳፍ ተጨብጦ ወደ ታች ይሳባል፣ ውስጥ እግሩ ደግሞ በክንድ ቀስ ተብሎ ወደ ላይ ይገፋል። ሠላሳ ደቂቃ ሳይሆን ሠላሳ ሰከንድ፣ አምስት ጊዜ። ተረከዙን ትቶ የእግሩን ፊት ብቻ የሚገፋ ሰው የእግሩን መሀል ያጎብጠዋል፤ የተረከዙ ጅማት እንዳጠረ ይቀራል። በድንገት መሳብም መገተሩን ያብሳል። ቆሞ የማያውቅ ልጅ አጥንቱ ደካማ ስለሆነ ወጌሻ በኃይል ቢያሸው ሊሰበር ይችላል። እግሩ የማይሰማው ልጅ (ለምሳሌ የጀርባ አጥንቱ ክፍት ሆኖ የተወለደ) እሳት ዳር እንዲሞቅ አይተውም፤ ሲቃጠል አያለቅስም።

ለመቀመጫ የካርቶን ወንበር ርካሽና ጠንካራ ነው። አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በአምስት ስኒ ውሃ ተበጥብጦ እንደ አጥሚት ይበስላል። ካርቶኑ በዚህ እየተለጠፈ ስድስት ድርብ ይደረጋል፤ የአንዱ ካርቶን የውስጥ መስመር ወደ ቁመት ከሆነ የቀጣዩ ወደ አግድም፣ አለዚያ ይታጠፋል። ድንጋይ ተጭኖበት ያድራል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። በክረምት የተሠራ ወንበር ሳይደርቅ ይሻግታል፤ ጊዜው ከጥቅምት ወዲህ ነው። ደርቆ የዘይት ቀለም ካልተቀባ ደግሞ አይጥ ዱቄቱን አሽትታ ትመጣለች። ልኩ እንዲህ ይወሰዳል፦ የመቀመጫው ጥልቀት ከዳሌው ጀርባ እስከ ጉልበቱ ማጠፊያ፣ ሁለት ጣት ተቀንሶ፤ ከፍታው ከጉልበቱ ማጠፊያ እስከ ተረከዙ። ጥልቀቱ የበዛ ወንበር ልጁን አንሸራትቶ በወገቡ ያስተኛዋል። እግሩ ካልረገጠ እጁም አይሠራም፤ ይህን የሚዘነጋ ብዙ ነው።

መቆምና መራመድ ለጀመረ ልጅ ደጅ ላይ ሁለት ትይዩ የባሕር ዛፍ አግዳሚዎች በባላ ላይ ይጋደማሉ። ርዝመታቸው 3 ሜትር ይበቃል፤ ከፍታቸው ልጁ ቀጥ ብሎ ሲቆም በእጁ አንጓ ልክ፣ ክርኑ ጥቂት የሚታጠፍበት። ቅርፊቱ ይላጣል፣ ጉጡ ይስተካከላል። የባላው ጉድጓድ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። እንደ እነዋሪና ደነባ ባለ ዋልካ መሬት ግን አፈሩ በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ባላው ይወላወላል፤ ዙሪያውን ጠጠርና ድንጋይ ጠቅጥቆ በየወቅቱ መነቅነቅና ማየት ያስፈልጋል።

ለእጅ ሥራ ሰፌድ ላይ ባቄላና አተር ቀላቅሎ ማስለየት፣ ሊጥ ማስጠፍጠፍ፣ ቆርኪ ጠባብ አፍ ባለው ጣሳ ማስከተት ይበቃል። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ለሚያስገባ ልጅ ጥራጥሬ አይሰጥም። አፍንጫ ውስጥ የገባ ባቄላ እርጥበት ስቦ ያብጣል፤ በወስፌ ሊያወጡት የሚሞክሩ ወደ ውስጥ ይገፉታል። ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ማብላትም ቴራፒ ነው፤ ምናልባትም ዋናው። ልጁ ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ አገጩ ጥቂት ወደ ደረቱ ያዘነብላል፣ ማንኪያው ከፊት ለፊት፣ ከአፉ ልክ ይመጣል። ግማሽ ማንኪያ፣ ከዚያ እስኪውጥ መጠበቅ። አንጋሎ መጋት ምግቡን ወደ ሳንባ ይሰዳል፤ ተደጋጋሚ የሳንባ ምች ያለበት ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀውም አበላሉ ነው። እንደ ውሃ ያለ ቀጭን ነገር ሲጠጣ ለሚያስለው ልጅ ወፈር ያለ አጥሚት ይቀለዋል።

በቤት የማይሞከርም አለ። ቆልማማ እግር በየሳምንቱ በሚቀየር ጀሶ እንጂ በማሸት አይቃናም፤ ልጁ በተወለደ በሳምንታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ወደ ጠበል ሲኬድም አይቋረጥም። ይችለው የነበረውን የተወ ልጅ፣ ወይም ዳሌው ሲከፈት የሚያለቅስ ልጅ ሐኪም ሳያየው ሥራው አይቀጥልም።

የትኛውም ወንበር ወይም የእግር ድጋፍ አዲስ ሲሆን ከ20 ደቂቃ በኋላ ይፈታና ቆዳው ይታያል። ቅላቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ ያ ቦታ እየተጫነ ነው፤ መፋቅ ወይም ጨርቅ መጨመር አለበት። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላት በግልጽ ስለማይታይ ቦታው በእጅ ጀርባ ይዳሰሳል፤ ከአካባቢው ከሞቀ ወይም ከጠጠረ ያው ነው። ልኩም በየሦስት ወሩ እንደገና ይወሰዳል። ሜትር የሌለው ሲባጎ ላይ ቋጠሮ ያስራል፤ የባለፈውን ሲባጎ ሳይጥል ከአዲሱ ጋር ቢያስተያይ ወንበሩ በስንት ጣት እንዳነሰ ወዲያው ያውቃል።