የተቃቃሩ የጦር አጋሮች ዕርቅ ምንድን ነው?

በጦር ቃል ኪዳን የተሳሰሩ አገሮች ተኳርፈው ከቆዩ በኋላ "ግንኙነታችንን እያደስን ነው" ሲሉ፣ ደሴ ላይ ለምንኖር ሰዎች ቀድሞ ትዝ የሚለን አበጋር የሚባለው ባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌ ነው። የወሎ አበጋሮች ደም ሲያደርቁ በዳይ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሳ ይከፍላል፣ ዕርቅ ይወርዳል። የጦር አጋሮች ግን በዚህ መንገድ እምብዛም አይሄዱም። ጥፋቱን ያድበሰብሱትና አዲስ የጋራ ሥራ ይጀምራሉ። "ታረቁ" ሲባል መግለጫውን ትቼ ሥራውን የምፈልገው ለዚህ ነው።

ጥሩው ማሳያ የስዊዝ ቦይ ቀውስ ነው። ጁላይ 1956 እ.ኤ.አ. የግብፁ ፕሬዚዳንት ገማል አብደል ናስር ቦዩን ወረሱ። ነገሩ ከእኛም ሩቅ አልነበረም፤ ናስርን ለማነጋገር ካይሮ በሄደው የአምስት አገሮች ኮሚቴ ውስጥ ኢትዮጵያም ነበረችበት። ንግግሩ አልሰመረም። በኦክቶበር መጨረሻ እስራኤል ሲናይ ገባች። ብሪታንያና ፈረንሳይ ቀድመው በምስጢር ተስማምተውበት ኖሮ ተከትለው ዘመቱ።

ለአሜሪካ የነገራት የለም። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በገኑ። ግን ጥይት አላስፈለጋቸውም፤ የብሪታንያ የውጭ ምንዛሪ ሲመናመን የብድሩን በር ዘጉባት። ጦሩ ተመለሰ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤደንም ጃንዋሪ 1957 ሥልጣን ለቀቁ።

እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ፍጥነት ነው። ተተኪው ሃሮልድ ማክሚላን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰሜን አፍሪካ ላይ ከአይዘንሃወር ጋር የሠሩ ሰው ናቸው። ትውውቅ መቼም ይጠቅማል! ማርች ላይ በርሙዳ ተገናኙ። የስብሰባው ትልቁ ፍሬ 60 "ቶር" የተባሉ የአሜሪካ የኒውክሌር ሚሳይሎች ብሪታንያ ላይ እንዲተከሉ መስማማታቸው ነበር። ለመተኮስ ሁለት ቁልፍ ያስፈልግ ነበር፤ አንዱ በእንግሊዝ መኮንን፣ ሌላው በአሜሪካዊ መኮንን እጅ። አንዱ ያለ ሌላው ንቅንቅ አይልም ነበር። ጁላይ 1958 ደግሞ የኒውክሌር ትብብር ስምምነት ፈረሙ። ስምምነቱ ሲታደስ ቆይቶ ዛሬም ይሠራል።

ፈረንሳይ ከዚያው ቀውስ የወሰደችው ትምህርት ሌላ ነው፤ በሰው ትከሻ መደገፍ ይቅርብኝ አለች። በ1960 እ.ኤ.አ. የራሷን የኒውክሌር ቦምብ አልጄሪያ በረሃ ላይ ሞከረች። በ1966 ፕሬዚዳንቷ ደጎል ከኔቶ፣ ማለትም ከምዕራባውያኑ የጦር ቃል ኪዳን፣ የጋራ ወታደራዊ እዝ አስወጧት። ከቃል ኪዳኑ ግን አልወጣችም። ወደ እዙ የተመለሰችው በ2009 ነው።