ለመጀመሪያ ልጅ ስንዘጋጅ የምንሳሳትባቸው ነገሮች እና እውነታው

የመጀመሪያ ልጃቸውን ለሚጠብቁ ባልና ሚስት ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፍላቸዋል። አብዛኛው በፍቅር የሚለገስ ቢሆንም፣ አንዳንዱ እናትን ያለ ምክንያት ያስጨንቃል፤ አንዳንዱም ሕፃኑን ለአደጋ ያጋልጣል። ደጋግሜ ከምሰማቸው መካከል መታረም አለባቸው የምላቸው የሚከተሉት ናቸው።

«ዋናው ዝግጅት ዕቃ ማሟላት ነው»

አራስ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያስፈልገው ከሚታሰበው ያነሰ ነው፤ ጥቂት ንጹሕ ልብስ፣ ዳይፐር፣ መጠቅለያና አስተማማኝ መኝታ ይበቃዋል። ከዕቃው በፊት መወሰን ያለበት ምጥ በእኩለ ሌሊት ቢመጣ በምን እንደሚኬድ፣ ለማን እንደሚደወል፣ እናቲቱ እስክትጠነክር ድረስም የቤቱን ሥራ ማን እንደሚይዝ ነው።

«ሐኪሙ በነገረን ቀን ይወለዳል»

ያ ቀን ግምት ነው። የሚሰላው የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ 280 ቀን በመቁጠር ሲሆን፣ በዚያው ቀን የሚወለዱት ከ20 ሕፃናት አንድ ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ወደ ጤና ተቋም የሚያዘው ቦርሳ በ36ኛው ሳምንት ተዘጋጅቶ ቢያድር ይመረጣል። ምጥ ሁልጊዜ በሽርት ውሃ መፍሰስ ይጀምራል የሚለውም ልክ አይደለም፤ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ቁርጠቱ ይቀድማል።

«ነፍሰ ጡር ለሁለት ሰው ትብላ»

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ተጨማሪ ምግብ እምብዛም አያስፈልግም፤ ከዚያ በኋላም የሚጨመረው በቀን ከ340 እስከ 450 ካሎሪ ገደማ ነው።

«መውለጃዋ ሲደርስ ሕፃኑ ቦታ ስለሚጠበው እንቅስቃሴው ይቀንሳል»

ከሁሉ አደገኛው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እናቲቱ የተሰማትን ስጋት በገዛ እጇ እንድታፍነው ያደርጋታል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የእንቅስቃሴው ዓይነት ሊለወጥ፣ እርግጫው ወደ መገላበጥና መግፋት ሊያደላ ይችላል፤ ብዛቱ ግን መቀነስ የለበትም። ከለመደችው ያነሰ ከተሰማት ጣፋጭ ነገር ጠጥቶ እስከ ነገ መጠበቅ ሳይሆን፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት እንዲሁም የደም መፍሰስም እንደዚሁ ቀጠሮ አይጠብቁም።

«ወተቷ አልመጣም፤ ሕፃኑ ተርቧል»

ብዙ ቤተሰብ የሚደናገጠው ከወሊድ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሌሊት ነው። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እናቲቱ ጡቷን ጨመቅ ስታደርግ የሚወጣው ወፈር ያለ ቢጫ ጠብታ ብቻ ነው፤ ይህን ያየ ሁሉ «ወተት የላትም» ብሎ ጡጦ ወደ ማዘጋጀት ይገባል። ያ ጠብታ ግን እንገር ነው፤ ሕፃኑን ከበሽታ በሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች የበለጸገ ሲሆን፣ የአንድ ቀን ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚጠባውም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙም አይበልጥም። ወተቱ በብዛት የሚመጣው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ የሚያመጣውም መጥባቱ ራሱ ስለሆነ፣ ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይዞ ከዚያ በኋላ በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሊጠባ ይገባል። ያለ ሕክምና ምክንያት ጡጦ በገባ ቁጥር መጥባቱ ይቀንሳል፤ ወተቱም አብሮ ያንሳል። ክብደቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መቀነሱም የተለመደ ነው፤ አብዛኞቹ ሕፃናት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሱታል። ለመጨነቅም ሆነ ለመረጋጋት ጥሩው መለኪያ ዳይፐሩ ነው፦ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ ዳይፐር የሚያርስ ሕፃን በቂ ወተት እያገኘ ነው። ዳይፐሩ ደርቆ ከዋለ ወይም ሕፃኑ ለመጥባት እንኳ የማይነቃ ከሆነ ግን ሳይዘገዩ ለባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል። እስከ ስድስት ወር ድረስ ውሃም ቢሆን አያሻውም።

«በጀርባው ከተኛ ትን ይለዋል»

ይህ ስጋት ከእውነት የራቀ ነው። ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን፣ ያስመለሰው ወተት ወደ ሳንባ ለመግባት ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። በአሜሪካ በ1990ዎቹ ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ፣ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት (ጤነኛ የሚመስል ሕፃን ምክንያቱ ሳይታወቅ በእንቅልፉ መሞቱ) በግማሽ ገደማ ቀንሷል። መኝታው ጠንከር ያለና ጠፍጣፋ፣ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና አሻንጉሊት የሌለበት ሆኖ፣ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ለብቻው ቢዘጋጅ መልካም ነው።

«እናት ልጇን እንዳቀፈች ደስታ ብቻ ይሰማታል»

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስና መከፋት በብዙ እናቶች ላይ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜም በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ከዚያ አልፎ ከቀጠለ ግን ሕክምና ያለው የድኅረ ወሊድ ድብርት ሊሆን ስለሚችል «አመስጋኝ አይደለችም» ብሎ መውቀስ ጉዳቱን ያባብሳል። ለውጡን ቀድሞ የሚያየው ብዙውን ጊዜ ባል ነው፦ ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ እንቢ ሲላት፣ ምግብ ሲያስጠላት፣ ሕፃኑን ለማቀፍ ስትፈራ። ራሷን ወይም ልጇን የመጉዳት ሐሳብ እንደመጣባት ከተናገረች ደግሞ፣ ብቻዋን ሳይተዋት በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይውሰዳት።