ዳታቶን፦ ሐኪሙና ኮምፒውተረኛው አንድ ጠረጴዛ ላይ

ዳታቶን ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የስታቲስቲክስና የኮምፒውተር ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜና እሁድን አብረው የሚሠሩበት መድረክ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሆስፒታል ምን ይጠቅማል የሚለውን በእውነተኛ የሕሙማን መረጃ ይፈትሻሉ። ነገሩን ካስፋፉት አንዱ በአሜሪካ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ "ክሪቲካል ዳታ" ቡድን ነው። ከመሪዎቹ መካከል የፅኑ ሕሙማን ሐኪሙ ሊዮ አንቶኒ ሴሊ ይገኝበታል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ በፓሪስ፣ በማድሪድ፣ በሲንጋፖርና በሳኦ ፓውሎም ተካሂዷል።

አካሄዱ ቀላል ነው። ሐኪሙ ይነሳና ሥራው ላይ የሚያስቸግረውን ይናገራል፤ ለምሳሌ በሽተኛን ከመተንፈሻ ማሽን መቼ ማላቀቅ ይሻላል? ጥያቄው የሳበው ይቀላቀለዋል። በመጨረሻ ውጤቱ ዳኞች ፊት ይቀርባል።

ብዙ ጊዜ የሚሠራበት መረጃ "ሚሚክ" ይባላል። የመጣው ቦስተን ካለው ቤዝ እስራኤል ዲከነስ ሆስፒታል ነው። ሦስተኛው እትም ከ2001 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ፅኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን ይዟል። ማንነት እንዳይታወቅ ስማቸው ተሰርዟል፤ ቀኖቹም ወደፊት ተገፍተዋል። ስለዚህ በ2130 የተኛ በሽተኛ ብታዩ አትደንግጡ። ከ89 ዓመት በላይ የሆኑት ደግሞ ዕድሜያቸው ሲሰላ 300 ገደማ ይመጣል። ይህን ያላወቀ ጀማሪ አማካዩን አበላሽቶ ያርፈዋል።

ሐኪሙ ለምን ያስፈልጋል ለሚል፣ የ1990ዎቹን የአሜሪካ የሳንባ ምች ጥናት ማየት ይበቃል። ኮምፒውተሩ ከመረጃው ያወጣው ሕግ አስም ያለበት ሰው በሳንባ ምች የመሞት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው የሚል ነበር። ሐኪም ፊት ይህ አያልፍም። አስም ያለባቸው የተረፉት ቶሎ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ገብተው ከበድ ያለ ሕክምና ስላገኙ ነው። ማሽኑ ቢታመን ኖሮ እነሱኑ ወደ ቤታቸው ይልካቸው ነበር።

ነርሶች ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ተገቢውን ቦታ አላገኙም። ሚሚክ ውስጥ አንድ የደም ግፊት ልኬት ሁለት ዓይነት ሰዓት ተጽፎለታል፤ የተለካበትና ሥርዓቱ ውስጥ የተመዘገበበት። በመሀላቸው ያለው ጊዜ ከየት እንደመጣ የምታውቀው ነርሷ ናት። በሽተኛ ታጥቦ፣ መድኃኒት ተሰጥቶ፣ ሌላ አልጋ ተሮጦ ነው ቁጥሩ የሚገባው። የተለካበትን ሰዓት ብቻ ይዞ የተሠራ ሞዴል (ከመረጃ ተምሮ የሚተነብይ ፕሮግራም) ውድድሩ ላይ ያምራል፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ገና ያልገባ ቁጥር ይጠብቃል።