«ካጣመመህ አውቆ ነው» እና ሌሎች የሰለቹኝ ወሬዎች

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ኡበር ወይም ሊፍት ሊጀምር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛውን ናቪጌሽን (መንገድ የሚመራ አፕ) ልጫን?» ብሎ ነው። መልስ ለመስጠት ደግሞ ሁሉም ሊቅ ነው። አየር ማረፊያ ወረፋ ስንጠብቅ አንዱ «ዌዝ ነው እንጂ!» ይላል። ሌላው «ጉግል ማፕ እያለ?» ብሎ ይነሳበታል። እንደ ጊዮርጊስና ቡና ደጋፊ ተቧድነው ሲሟገቱ ተራቸው ያልፋል።

እዚህ ከተማ መንዳት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ክርክሩ ሰልችቶኛል። በተለይ የሚያናድደኝ ሁለቱም ወገኖች የሚነሱበት ሐሳብ የተሳሳተ መሆኑ ነው። ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ላንሳና ወደ ዋናው ልሂድ።

«ጉግል ዌዝን ስለገዛው ሁለቱ አንድ ናቸው።» መግዛቱንስ ገዝቶታል። እስራኤል ውስጥ የተሠራውን ዌዝን እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የጠቀለለው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሾፌሮች ዌዝ ላይ የሚጠቁሙት አደጋም ጉግል ማፕ ላይ ይታያል። መንገድ የሚመርጡበት ጠባይ ግን ይለያያል። ዌዝ ለትንሽ ደቂቃ ብሎ ከዋናው መንገድ ሊያወጣችሁ አያመነታም። ጉግል ረጋ ይላል።

«ጉግል ሁልጊዜ ፈጣኑን ነው የሚያሳየው።» አሜሪካ ውስጥ ከ2021 ወዲህ ሁለት መንገዶች በሰዓት ከተቀራረቡ ቤንዚን የሚቆጥበውን ያስቀድማል። ያቺ ትንሽ የቅጠል ምልክት ለጌጥ የተቀመጠች አይደለችም። ካልፈለጋችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ።

«አፕል ማፕ አይረባም።» ይህ ወሬ የ2012 ነው። ያኔ ሲወጣ በስህተት የተሞላ ስለነበር የኩባንያው ኃላፊ ቲም ኩክ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ከዚያ በኋላ ግን የአሜሪካን ካርታ እንደ አዲስ ሠርተውታል። አይፎን የያዘ ሰው ሳይሞክረው ባያጣጥለው ጥሩ ነው።

«ዌዝ ፖሊስ የት እንዳለ ስለሚጠቁም ቨርጂኒያ ውስጥ ሕገወጥ ነው።» አይደለም። ቨርጂኒያና ዲሲ የከለከሉት ራዳር የሚያነፈንፈውን መሣሪያ ነው። ቲኬት የሚያስቆርጣችሁ ስልኩን በእጅ ይዞ መንዳት ነው። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም። ሆልደር (የስልክ ማቆሚያ) ግዙ።

«ኢንተርኔት ከሌለ ዋጋ የለውም።» ጉግል ማፕ ላይ ካርታውን ቀድማችሁ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔትም ይመራችኋል። የቱ መንገድ እንደተዘጋጋ ግን አያውቅም።

«ትራፊኩን ሳተላይት ከላይ ሆኖ ያየዋል።» ይህን የሚሉኝ የተማሩ ሰዎች ጭምር ናቸው። የጂፒኤስ ሳተላይት መንገዱንም መኪናውንም አያይም። የሚልከው የሰዓትና የራሱን ቦታ ምልክት ብቻ ነው። ስልካችሁ ያንን ተቀብሎ እናንተ የት እንዳላችሁ ያሰላል። ከዚያ በምን ፍጥነት እየሄዳችሁ እንደሆነ ለኩባንያው ይልካል። ኮንስቲቲውሽን አቬኑ ላይ ብዙ ስልክ ባንድ ላይ ሲያዘግም መስመሩ ቀይ ይሆናል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ማስረጃ ካስፈለገ፣ በ2020 ሲሞን ቬከርት የሚባል አርቲስት በርሊን ውስጥ 99 አሮጌ ስልኮችን የእጅ ጋሪ ላይ ጭኖ፣ ጭር ባለ መንገድ ላይ እየጎተተ ተራመደ። ጉግል ማፕ መንገዱን ቀይ አደረገው።

ይህን ማወቅ ለሾፌር ይጠቅማል። አፑ መዘጋጋቱን የሚያውቀው ከፊታችሁ ያሉት ስልኮች ፍጥነት ከቀነሱ በኋላ ነው። ዲሲን የሚከበው ሀይዌይ፣ ቤልትዌይ ላይ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ሁለት መኪና ቢጋጭ ካርታው ለጊዜው አረንጓዴ ነው። ዌዝ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። የመጠቆም ልማድ ያላቸው ብዙ ሾፌሮች ስላሉበት አንዱ አይቶ ይጠቁማል፤ ኋላ ያለው መውጫው ሳያልፈው ይሰማል። ስለዚህ የሀይዌይ ሥራ የሚበዛበት ሰው ዌዝ ቢወድ አልፈርድበትም። ጭር ባለ ሰዓት ግን ጠቋሚም የለም፣ የሚቆጠር ስልክም የለም። አፑ ያኔ በአብዛኛው ካለፈው ልማድ ተነስቶ ነው የሚገምተው።

«ቀይ ካየህ ውጣ።» ይህ የተሳፋሪ በሽታ ነው። ከኋላ አንገቱን አስግጎ «ቀይ ነው እኮ! ለምን አትወጣም?» ይላል። ወንድሜ፣ ቀዩን አፑ ቆጥሮታል። የመድረሻ ሰዓቱ ላይ ደምሮታል። ከቨርጂኒያ ዲሲ ለመግባት ፖቶማክ ወንዝን መሻገር ግዴታ ነው፤ ጠዋት ደግሞ ቀይ ያልሆነ ድልድይ ማግኘት ሎተሪ ነው። የሚታየው ቀለሙ ሳይሆን ሰዓቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው።

«ካጣመመህ አውቆ ነው።»

ይህቺን አባባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ከሀይዌይ አውጥቶ በሰፈር ውስጥ የሚያሽከረክራችሁ አፕ ብልህ ነው። ቀጥ ብሎ የሚወስዳችሁ ደንቆሮ ነው። አንድ ልጅ «ቀጥታውንማ እኔም አውቀዋለሁ፤ አፕ የጫንኩት ለአቋራጭ ነው» ብሎኛል። ስለዚህ ይህ ልጅ አፕ የሚመርጠው አፑ ምን ያህል እንደሚያጣምም እያየ ነው። ብዙ ባጣመመ ቁጥር ደስ ይለዋል።

አፑ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። የጉግሉን የቅጠል ምልክት ካልቆጠርን፣ መንገዶቹን ያወዳድርና ትንሽም ብትሆን ሰዓት ያተረፈውን ያስቀድማል። 38 ደቂቃ ከ40 ደቂቃ ያንሳል፤ ስለዚህ 38ቱን ይሰጣችኋል። ለእሱ ይህ ሒሳብ ነው። ነገር ግን 40 ያለውም 38 ያለውም ግምት ነው። አርባ ደቂቃ በሚፈጅ ጉዞ ላይ ግምቱ ራሱ ከሁለት ደቂቃ በላይ ሊስት ይችላል። ያተረፋችሁ የመሰላችሁ ሁለት ደቂቃ ስህተቱ ውስጥ ሟሟ ማለት ነው። በዚያ ላይ የሰፈር ውስጥ መንገድ የሚያልፍበት ስልክ ጥቂት ነው። ጥቂት ስልክ ካለፈበት ደግሞ ግምቱም ያንኑ ያህል የላላ ነው።

ከዚያ ወደ ግራ መታጠፍ አለ። መብራት ከሌለበት ጎን መንገድ ወጥቶ ዋና ጎዳና ላይ ወደ ግራ መግባት በራሽ አወር (መንገዱ በሚጨናነቅበት ሰዓት) ምን እንደሚመስል የነዳ ያውቀዋል። አንድ ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሬገን አየር ማረፊያ አንዲት ሴትዮ ይዤ ጆርጂያ አቬኑን እወርዳለሁ። ቆመናል። ስልኩ ወደ ግራ ታጠፍ፣ ሦስት ደቂቃ ይቀንሳል አለ። ከፊቴ የነበረ ብርማ ካምሪ ወዲያው ታጠፈ። ሴትዮዋ «አንተስ?» አለችኝ። «ይሻለናል» ብዬ ቀጥ አልኩ። ፊቷ ጠቆረ። ጥቂት ብሎኮች ወረድ እንዳልን ያው ካምሪ በግራ በኩል ካለ ጎን መንገድ አፍንጫውን አውጥቶ ስቶፕ ምልክቱ ላይ ቆሟል። ፍሬቻው ብልጭ ብልጭ ይላል። ጆርጂያ ላይ ተመልሶ ለመግባት ከሁለቱም አቅጣጫ የሚመጣውን መኪና ይለማመጣል። ማን ያስገባው? አልፈነው ሄድን። ሴትዮዋም አየችው። ከዚያ በኋላ ስለ መንገድ አልተነጋገርንም።

አፑ የማይቆጥረው ሌላም ብዙ ነገር አለ። ዲሲ ውስጥ ምልክት በሌለበት የሰፈር መንገድ የፍጥነት ወሰኑ ከ2020 ወዲህ በሰዓት 20 ማይል ነው። ካሜራም ሊኖርበት ይችላል። ከወሰኑ 11 ማይል ካለፋችሁ 100 ዶላር ነው። ሁለት ደቂቃ ለማትረፍ ስትቸኩሉ ማለት ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ክንዱን ዘርግቶ ከቆመ ከኋላውም ከፊቱም መቆም አለባችሁ። በየማዕዘኑ ስቶፕ ምልክት፣ በየመንገዱ የፍጥነት ጉብታ። ተሳፋሪው ስልኩን እያነበበ ከሆነ ያቅለሸልሸዋል፤ ኮከቡን የሚቀንሰው ከእናንተ እንጂ ከአፑ አይደለም።

አቋራጩንም እናንተ ብቻ አይደላችሁም የምታውቁት። ያው አፕ ለሺህ ሰው ያንኑ ይነግራል። ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለችው ታኮማ ፓርክ ውስጥ አንድ ነዋሪ በየቀኑ በደጁ የሚጎርፈው መኪና ሲያንገፈግፈው፣ ዌዝ ላይ ገብቶ የሌለ አደጋ ይጠቁም ጀመር። ሾፌሩ ሁሉ ፈርቶ እንዲዞር ነው። ዌዝ ነቃበትና አገደው። ኒው ጀርሲ ውስጥ ያለችው ሊዮኒያ ግን በደንብ ብሳለች። የጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ መግቢያ ላይ ስለምትገኝ አፑ መኪናውን ሁሉ በሰፈሯ ይነዳዋል። በጃንዋሪ 2018 ወደ 60 የሚጠጉ መንገዶቿን በራሽ አወር ነዋሪ ላልሆነ ሰው ዘጋች። የሚገባ 200 ዶላር ይቀጣል አለች። በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። እንግዲህ ሰው እዚህ ድረስ የተማረረበትን መንገድ ነው «ማንም አያውቀውም» የምትሉኝ።

የእኔ ልክ ይህ ነው፦ በአርባ ደቂቃ ጉዞ ላይ ከአምስት ደቂቃ በታች ለሚያተርፍ ከዋናው መንገድ አልወጣም። አሥር ደቂቃና ከዚያ በላይ ካለ እወጣለሁ፤ ከፊት አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነውና። በመሃል ያለውን መንገዱን ካወቅሁት እወስናለሁ፣ ካላወቅሁት አልነካውም። ጉግል ላይ አማራጮቹ ከነልዩነታቸው ካርታው ላይ ይወጣሉ። ዌዝ ላይም ሌሎቹን መንገዶች ማየት ይቻላል። መኪናው ሳይነሳ እዩት።

«አፑን ከጫንክ አለቀ።» አላለቀም፣ አልተጀመረምም። የማውቀው ልጅ ኒው ዮርክ ሲሄድ ቶል (የመንገድ ክፍያ) ላለመክፈል ቶል ዝለል የሚለውን አብርቶት ነበር። ሲመለስ ማጥፋቱን ረሳ። ከዚያ በኋላ ቨርጂኒያ ውስጥ ሬስተን በተመላለሰ ቁጥር የሚያስከፍለውን ደለስ ቶል ሮድን ትቶ በየመብራቱ ሲቆም ከረመ። «ይሄ አፕ ተበላሽቷል» እያለ ሌላ ጫነ። አዲሱ ላይ ያ ነገር ስላልበራ ፈጠነለት። አሁን የአዲሱ አፕ ሰባኪ ሆኗል።

ኤክስፕረስ ሌንም (ሀይዌይ ላይ እየተከፈለበት የሚነዳው መስመር) እንደዚሁ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ሀይዌይ 495 ላይ፣ 95 እና 395 ላይ፣ 66 ላይ ከነሾፌሩ ሦስት ሰው ካለ ነፃ ነው፤ ግን ኢዚፓስ ፍሌክስ የሚባለው የቶል መክፈያ መሣሪያ ያስፈልጋል፣ ቁልፉም ኤችኦቪ (ብዙ ሰው የያዘ መኪና) ላይ መሆን አለበት። ሁለት ተሳፋሪ ይዛችሁ ስትሄዱ ሦስት ናችሁ። ዌዝ ላይ ፓሳችሁን የሚሞላ ቦታ አለ፤ ካልሞላችሁት ከየት ያውቅላችኋል? አንድ ተሳፋሪ ብቻ ካለ ደግሞ ሳትጠይቁት አትግቡ። ዋጋው እንደ መጨናነቁ ይወጣል ይወርዳል። 66 ላይ ይህ ክፍያ በዲሴምበር 2017 በተጀመረ በሁለተኛው ቀን 40 ዶላር ደርሶ ነበር። አፑ ላይ የምታዩትን የቶል ዋጋ አትመኑ፤ የምትከፍሉት መግቢያው ላይ ሰሌዳው የጻፈውን ነው።

እና የቱን ልጫን? ሁለቱንም፤ ገንዘብ አይጠይቁም። ቤልትዌይና 95 የሚበዛባችሁ ዌዝን ክፈቱ። ከተማ ውስጥ ከሆቴል ሆቴል የምትሉ ጉግልን። ባንድ ጊዜ ሁለቱን አትክፈቱ፤ አንዱ ቀኝ ሌላው ግራ ሲላችሁ መገንጠያው ያልፋችኋል። ሮክ ክሪክ ፓርክዌይ ላይ ደግሞ ስልኩ ምንም ቢል ምልክቱን አንብቡ። በሥራ ቀን ጠዋት ወደ መሃል ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሰሜን፣ መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ይሆናል።