በጣና ዳር የልማት ተነሺዎች ካሳና መልሶ ማቋቋም

የልማት ተነሺ የሚባለው ይዞታው ለግድብ፣ ለመስኖ ቦይ፣ ለመንገድ፣ ለኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም ለከተማ ማስፋፊያ ተፈልጎ ከቦታው የሚለቅ ሰው ነው። በጣና ዙሪያ ይህን ቃል የማያውቅ ቀበሌ ጥቂት ነው። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ፣ መራዊ አጠገብ የተሠራው የቆጋ ግድብ 7,000 ሄክታር ገደማ ለማጠጣት ሲባል የሜጫ ወረዳን እርሻና የግጦሽ ሜዳ ውኃ አልብሷል። ከሐይቁ በስተምሥራቅ ርብ ወንዝ ለፎገራ ሜዳ መስኖ ተገድቧል። ባሕር ዳር ራሷም ወደ ዘንዘልማ፣ ወራሚትና ሰባታሚት እየሰፋች፣ በቃዳ ይለካ የነበረው ማሳ ዛሬ በካሬ ሜትር ይቆጠራል።

መነሻው ሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይልና ወዲያው ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ያፈራው ንብረት የራሱ መሆኑን ያረጋግጣል። መንግሥት ንብረቱን ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድም ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል አለበት። አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 ከዚህ አልፎ፣ በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀሉ ብቻ ሳይሆኑ ኑሯቸው የተነካባቸውም ሰዎች የካሳና በበቂ እርዳታ የመዛወር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። «ኑሯቸው የተነካባቸው» የሚለው ሐረግ ለጣና ዳር ሰው ከባድ ክብደት አለው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናያለን።

ዝርዝሩን የያዘው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 472/2012 ነው። ከዚያ በፊት ይሠራበት የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ምትክ መሬት ላልተሰጠው አርሶ አደር የአምስት ዓመት ገቢውን አማካይ በ10 አባዝቶ ይከፍል ነበር። አዲሱ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ገቢ ይወስድና በ15 ያባዛዋል። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይገባል። አንድ ማሳ በአምስት ተከታታይ ዓመታት 32,000፣ 38,000፣ 42,000፣ 48,000 እና 60,000 ብር አስገኘ እንበል። አማካዩ 44,000 ስለሆነ በቀድሞው ሕግ የሚደርሰው 440,000 ብር ነው። በአዲሱ 60,000 በ15 ተባዝቶ 900,000 ብር ይሆናል። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ከተሰጠ ግን ማባዛት የለም፤ መሬቱ ይሰጠዋል፣ ከእርሱም ጋር የአንድ ዓመት ከፍተኛ ገቢ ይከፈለዋል። በ15 የሚባዛውም ይህም የመፈናቀል ካሳ ይባላል። የቤት፣ የአጥር፣ የጉድጓድ፣ የዛፍና የሰብል ካሳ ለብቻው ይታሰባል፤ አዋጁ ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳትም ክፍያ አስቀምጧል። አንዱ ሌላውን አይተካም። ገማቹ አንድ ድምር ብቻ ጽፎ ከሰጠ፣ ተነሺው እያንዳንዱ ርዕስ ተለይቶ እንዲጻፍለት መጠየቅ ይገባዋል፤ ካልሆነ የትኛው እንደቀረ ማወቅ አይቻልም።

ቀመሩ የተሻለ ቢሆንም የሦስት ዓመቱ መስኮት ሁሉንም ሰብል እኩል አያይም። ጤፍ፣ በቆሎ ወይም የፎገራ ሩዝ በየዓመቱ ስለሚታጨድ ከቀመሩ ጋር ይስማማል። የዘጌ ቡና ግን አንድ ዓመት አብዝቶ አፍርቶ በሚቀጥለው ያንሳል፤ ስለዚህ ሕጉ አማካዩን ትቶ ከፍተኛውን መውሰዱ የዘጌን ሰው ይጠቅመዋል፣ ያም መልካሙ ዓመት በጽሑፍ ከታየ ነው። የሜጫ ባሕር ዛፍ ደግሞ የባሰ ችግር አለበት። ለአጣና የሚደርሰው ከተተከለ ከአራትና አምስት ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ በሦስቱ ዓመታት ውስጥ ምንም ያልቆረጠ ሰው በመዝገብ ገቢ የሌለው ይመስላል። እንዲህ ያለ ማሳ ሲገመት የዛፉ ቁጥርና ውፍረት ብቻ ተይዞ የመሬቱ ገቢ እንዳይረሳ፣ የአንድ ሙሉ ዙር ቁርጥ ዋጋ ለዓመታቱ ተካፍሎ እንዲቀርብ መከራከር ያስፈልጋል። ጫትና ማንጎም ፍሬ ወይም ቅጠል መስጠት የጀመረው ካልጀመረው ተለይቶ ይቆጠራል፤ ያልጀመረው ለማሳደግ በወጣበት ወጪ ይገመታል። ቆጠራው የሚካሄድበት ወቅትም ለውጥ ያመጣል። በበጋ መጨረሻ ማሳው ባዶ ሆኖ ሲለካ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር የቆመው ሰብል በዓይን አይታይም።

ሌላው የዋጋው ዝርዝር ነው። ገማቾች የሚጠቀሙበት የነጠላ ዋጋ በየሁለት ዓመቱ መታደስ እንዳለበት አዋጁ ያዛል። ሲሚንቶና ቆርቆሮ በወራት በሚወደዱበት ጊዜ ያረጀ ዝርዝር ለተነሺው የቤቱን ግማሽ እንደመውሰድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የነጠላ ዋጋው የየትኛው ዓመት ነው?» የሚል መሆን አለበት።

ሂደቱ በደንቡ ከሄደ ይህን ይመስላል። ይዞታው ከመለቀቁ ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ የወረዳው ወይም የከተማው አስተዳደር ባለይዞታዎችን ሰብስቦ ስለ ሥራው፣ ስለ ጥቅሙና ስለ አነሣሡ ያወያያል። መሬቱ በአስቸኳይ የሚፈለግ ከሆነ ጊዜው ሊያጥር ይችላል፤ ይህ ልዩ ሁኔታ ግን እንደ መደበኛ አሠራር መወሰድ የለበትም። ከዚያ ይዞታው ይለካል፣ ንብረቱ ይቆጠራል፣ ገማቹ ግምቱን ያቀርባል፣ የማስለቀቂያ ትእዛዝ በጽሑፍ ይደርሳል። ካሳው ከተከፈለ ወይም ምትኩ ከተሰጠ በኋላ ባለይዞታው በ120 ቀን ውስጥ ያስረክባል። በመሬቱ ላይ ሰብልም ሆነ ሌላ ንብረት ከሌለ 30 ቀን ነው። ካሳውን አልቀበልም ያለ ሰው ገንዘቡ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥለታል፤ አለመቀበሉ ብቻውን መነሣቱን አያስቀርም። ከማሳወቂያው በኋላ የተሠራ ቤት ወይም የተተከለ ዛፍ አይከፈልበትም። ባሕር ዳር ዙሪያ ወሬ በተሰማ ማግስት የሚቆሙ ጨረቃ ቤቶች ባለቤቶቻቸውን ለኪሳራ የሚዳርጉት በዚህ ነው።

በተግባር አብዛኛው ክርክር የሚነሳው ከይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ነው። በአማራ ክልል የመጀመሪያው የይዞታ ምዝገባ በብዙ ቦታ በገመድና በሜትር የተለካ ስለሆነ፣ በኋላ በካርታ ሲለካ ስፋቱ ይለያያል። አባት ሞቶ ደብተሩ በስሙ ከቀረ ወራሾቹ ካሳው ሲመጣ ፍርድ ቤት መመላለስ ይጀምራሉ፤ ገንዘቡ በዚያ መሐል ዋጋ ያጣል። የባልና ሚስት ይዞታ በጋራ ስማቸው ስለሚመዘገብ ክፍያውም በጋራ ሒሳብ መግባት አለበት፤ በአንዱ ስም ብቻ ሲገባ በትዳር ላይ የሚያመጣው ጣጣ ዘንዘልማም መራዊም የታየ ነው። የእኩል የሚያርስ ሰው በደብተሩ ላይ የለም። የሰብሉ ድርሻ የሚደርሰው ከባለይዞታው ጋር በጽሑፍና በምስክር ከተዋዋለ ነው። ከግምቱ በፊት ማዘጋጀት የሚገባውም ቀላል ነው፦ ደብተሩንና ካርታውን ኮፒ ማድረግ፣ የወሰን ጎረቤቶችን ማስማማት፣ የሦስት ዓመቱን ምርት በኩንታል መጻፍ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር የሽያጭ ደረሰኝ ማስቀመጥ፣ ዛፉን በዓይነትና በዕድሜ ቆጥሮ በቀበሌው ማስፈረም፣ ቤቱን ከውስጥም ከውጭም ፎቶ ማንሣት።

አሁን ወደ ሐይቁ ዳር። በጣና ዳርቻ በየበጋው ውኃው ሲሸሽ የሚታረስ መሬት አለ፤ ባሕር ሸሽ ይባላል። ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፣ ከብት ይሰማራበታል፣ ደንገል ይታጨድበታል። ብዙውን ጊዜ በግል ደብተር የለም። የሐይቁን ከፍታ የሚወስነው ደግሞ ሰማዩ ብቻ አይደለም። ባሕር ዳር መውጫ ላይ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የውኃውን ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,784 እና በ1,787 ሜትር መካከል ለመቆጣጠር የተነደፈ ነው። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ12 ኪሎ ሜትር ያህል ዋሻ ውኃ ወደ በለስ ይወስዳል። በ1995 ዓ.ም. ውኃው እጅግ ሲወርድ መርከቦች ቆመው፣ ገበሬው የተገለጠውን የሐይቅ አፈር አረሰው። ከፍታው ከተለመደው በላይ ሲያዝ ደግሞ ያ ዳርቻ ለእርሻ አይገለጥም። በዚህ ጊዜ ማንም በትእዛዝ አይነሣም፣ ቡልዶዘር አይመጣም፣ ማስታወቂያ አይለጠፍም። ገቢ ግን ይጠፋል፤ ሕገ መንግሥቱ «ኑሯቸው የተነካባቸው» የሚላቸው እንዲህ ያሉትን ነው። በአዋጁ ውስጥ ለዚህ ጉዳት በር የሚከፍተው የጋራ ይዞታ ካሳ ነው፦ የጋራ መሬት ሲወሰድ ተጠቃሚዎቹ ያጡት ጥቅም ተሰልቶ ለሁሉም ይከፋፈላል። ለዚያ ግን ማን፣ ስንት ወር፣ ለምን እንደተጠቀመበት ቀድሞ ቆጠራ መያዝ ግድ ይላል፤ ያልተቆጠረ ግጦሽ «ባዶ ቦታ» ተብሎ ይመዘገባልና።

ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ነገደ ወይጦን ነው። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ ምንጣፍና ቅርጫት የሚሸጡ እነዚህ የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች የእርሻ መሬት ያልተካፈሉ ናቸው። የሐይቁ ዳርቻ ለሆቴል፣ ለመናፈሻና ለመንገድ ሲፈለግ የሚጠየቁት ሰነድ የላቸውም። የሚኖሩበት ቤት ብቻ ቢገመት ከጭቃና ከሸምበቆ የተሠራ ስለሆነ የሚደርሰው ትንሽ ነው፤ ከውኃው ርቀው ቢሰፍሩ ደግሞ ደንገሉም ዓሣውም አብሮ ይርቃል። ለእነርሱ ፍትሐዊ መልሶ ማቋቋም ማለት ውኃ ዳር መውጫ፣ ደንገል የሚታጨድበት የተከለለ ረግረግና በስማቸው የተመዘገበ መኖሪያ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ መመዝገቡ ለደንገሉ ጥበቃ ሊያግዝ ይችላል፤ ጥበቃው ግን አጫጁን ከረግረጉ የሚያስወጣ ከሆነ ሌላ መፈናቀል ነው።

በብድር የሚሠሩ ግድቦች እዚህ ላይ ተጨማሪ መለኪያ ያመጣሉ። የርብ ሥራ በዓለም ባንክ፣ ቆጋ በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ የተጀመሩ ናቸው። የዓለም ባንክ መመሪያ ሕጋዊ ሰነድ የሌለው ሰው እንኳ ለሠራው ቤትና ላጣው ኑሮ እርዳታ እንዲያገኝ ይጠይቃል፤ የሚለየው ቆጠራው ከተዘጋበት ቀን በፊት እዚያ መኖሩ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሥራ ተነሺው የቆጠራውን መዝጊያ ቀንና በዝርዝሩ ላይ ስሙ መኖሩን ማረጋገጥ አለበት።

ገንዘቡ ከእጅ ከገባ በኋላ ያለው ዘመን ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። በአንድ ቀን ስድስት አኃዝ ብር የሚቀበል ገበሬ ከዚያ በፊት የያዘው ገንዘብ አዝመራ በተሸጠበት ሰሞን ያለውን ብቻ ነበር። አንዱ ባሕር ዳር ቤት ይገዛል፣ አንዱ ባጃጅ፣ አንዱ ልጁን ይድራል። መሬቱ ይመግባቸው የነበሩት ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱ ልጆች ደብተር ስላልነበራቸው በራሳቸው ስም ምንም አይደርሳቸውም። ጎረቤት ስለሚበተን ወንፈሉና ዕድሩ ይፈርሳል፤ ለቀብር የሚመጣ ሰው ማጣት በገንዘብ የማይተካ ነው። ቆጋ ላይ ግድቡ ራሱ ካስነሣቸው ሌላ፣ በመስኖው ክልል ውስጥ ያለው መሬት እንደገና ተሸንሽኖ ተከፋፍሏል። በዚህ መንገድ መሬት ለመሬት መተካቱ ሰውን ከእርሻው አላራቀውም፤ ነገር ግን የአፈሩ ጥራትና ከቦዩ ያለው ርቀት ሲለያይ እኩል ስፋት እኩል ገቢ አይሆንም። ምትክ መሬት ሲሰጥ ስፋቱን ብቻ ማየት ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው፦ ውኃ ይደርሰዋል ወይ፣ በክረምት ይተኛበታል ወይ፣ በሬ ይገባበታል ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

አዋጁ ክልሎች ተነሺዎችን የሚያቋቁሙበት ፈንድና የልማት ማዕቀፍ እንዲያዘጋጁ ያዛል። መልሶ በሚለማ አካባቢ ላሉ ባለይዞታዎች በግል ወይም በጋራ ራሳቸው የማልማት ቅድሚያ ሰጥቷል። ይህ የመጨረሻው መብት በከተማ ዳር ላሉ ቀበሌዎች ከጥሬ ገንዘብ የበለጠ ዋጋ አለው፤ የወራሚት ወይም የሰባታሚት ማሳ ለከተማ ሲውል የሚያወጣው ዋጋ በጤፍና በበቆሎ ገቢ ፈጽሞ አይገለጥም። መጠቀም የሚቻለው ግን በማኅበር ተደራጅተው፣ ዕቅድና የገንዘብ አቅም ይዘው ከማስለቀቂያው ትእዛዝ በፊት ሲቀርቡ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ ወዲህ ደግሞ በክልሎች ውስጥ ለሚሠሩ የፌዴራል የመሠረተ ልማት ሥራዎች ጭምር የካሳው ሸክም ወደ ክልሎች ዞሯል። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የካሳው በጀት በወረዳው ሒሳብ መግባቱን መጠየቅ አሁን ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል።

ቅሬታ ያለው ሰው ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል በጽሑፍ ያመለክታል፤ ቀጥሎ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት፤ በየደረጃው የይግባኝ ጊዜው 30 ቀን ነው። አቤቱታው «ካሳው አንሷል» ብሎ ከሚቆም ይልቅ የትኛው ርዕስ፣ በስንት ካሬ ሜትር ወይም በስንት ኩንታል፣ በየትኛው ዓመት ዋጋ እንደጎደለ ቢያሳይ ይሰማል። ማመልከቻው ሲገባ ቀኑ የተመታበት ቅጂ መቀበል አይረሳ፤ ብዙ ተነሺዎች በቃል ነግረው ሲመላለሱ ቀኑ ያልፍባቸዋል።