የ"ቢሆን ኖሮ" ታሪክ ምንድን ነው?

ያልሆነን ነገር እንደሆነ ቆጥሮ ውጤቱን መመርመር ነው። አማርኛ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ሰዋስው አለው። "ዘንቦ ቢሆን ኖሮ ይበቅል ነበር" ስንል፣ አለመዝነቡን፣ አለመብቀሉንና አንዱ ለሌላው ምክንያት መሆኑን በአንድ ትንፋሽ እንናገራለን። የታሪክ ተመራማሪው የሚያሳድደው ሦስተኛውን ነው። ያልበቀለው በእርግጥ ዝናብ ስላጣ ነው? ወይስ መሬቱ ቀድሞውንም ጭንጫ ነበር?

ለዚህ ጥያቄ የ1066ቱን የእንግሊዝ ወረራ የሚያህል ምሳሌ አላውቅም፤ ነገሩ ሁሉ በቀናት ልዩነት የተወሰነ ይመስላልና። (ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጃንዋሪ 5 ንጉሥ ኤድዋርድ ልጅ ሳይተካ ሞተ። በማግስቱ ኃያሉ መኳንንት ሃሮልድ ጎድዊንሰን ዘውድ ጫነ። ዙፋኑ ለእኔ ይገባል የሚሉ ሁለት ሰዎች ግን ከባሕር ማዶ ተነሡ፤ በሰሜን ፈረንሳይ የኖርማንዲው መስፍን ዊሊያምና የኖርዌዩ ንጉሥ ሃርድራዳ። ሃሮልድ የሰጋው ዊሊያምን ነበርና የክተት ጦሩን በደቡብ ጠረፍ አስፍሮ ባሕር ባሕሩን ሲያይ ከረመ። ሴፕቴምበር 8 ስንቁ አለቀና ጦሩን አሰናበተ። ብዙም ሳይቆይ ሃርድራዳ 300 ያህል መርከቦች ይዞ በሰሜን በኩል ገባ፤ ሴፕቴምበር 20 ዮርክ አጠገብ ፉልፎርድ ላይ የአካባቢውን ጦር ድል አደረገ። ሃሮልድ ሌት ተቀን ገስግሶ ሴፕቴምበር 25 ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ድንገት ደረሰበትና ደመሰሰው። የተረፉትን ኖርዌያውያን ወደ አገራቸው ለመመለስ 24 መርከቦች በቁ። ከሦስት ቀን በኋላ ዊሊያም ፔቨንሲ ላይ ወረደ፤ ማንም አልጠበቀውም።

እንግዲህ ቀኑን እናንቀሳቅስ። የዊሊያም መርከቦች ለሳምንታት ምቹ ነፋስ አጥተው በወደብ ቆመው ነበር። ነፋሱ ኦገስት ላይ ነፍሶ ቢሆን ኖሮ፣ ኖርማኖቹ ፈረሶቻቸውን ከመርከብ ሳያወርዱ የሃሮልድን ያልደከመ ጦር ዳርቻው ላይ ያገኙት ነበር። ወይም ሃርድራዳ አንድ ወር ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሃሮልድ ወደ ሰሜን አይሄድም፤ ምርጥ ወታደሮቹንም እዚያ አይገብርም። ሁለቱም ሲታዩ፣ እንግሊዝ የጠፋችው በነፋስ ነው ለማለት ያስመኛሉ።

እዚህ ላይ ነው መጠንቀቅ። ነፋስ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ የስንቅ ማለቅ ግን አይደለም። ያ ዘመን ብዙ ሺህ ሰው አንድ ቦታ አስቀምጦ ያለ ገደብ መቀለብ የሚችል አልነበረም። ጦሩ አንድ ቀን መበተኑ አይቀርም ነበር። እንዲያውም አንዳንድ ተመራማሪዎች ዊሊያም የጠበቀው ነፋስ ብቻ እንዳልነበር፣ የሃሮልድ ጦር እስኪበተን ሆን ብሎ እንደዘገየ ይጠረጥራሉ። ጥርጣሬያቸው እውነት ከሆነ "ነፋሱ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ" የሚለው ጥያቄ ራሱ ይፈርሳል፤ ነፋሱ ቢመጣም ሰውየው አይነሣም ነበርና።

ለእኔ ከነፋሱ ይልቅ የሚያጓጓው የሃሮልድ ጥድፊያ ነው። የዊሊያምን መውረድ ሲሰማ ወደ ደቡብ ተመልሶ ለንደን ላይ ጥቂት ብቻ ቆየ፤ ከዚያም ኦክቶበር 14 ሄስቲንግስ አጠገብ ገጥሞ ተሸነፈ። የእንግሊዝ ዜና መዋዕል ጦሩ ሁሉ ሳይደርስ እንደተዋጋ ይናገራል። ሁለት ሳምንት ቢታገሥ ኖሮ? ጦሩ ይበዛል፣ ያርፋል፤ ዊሊያም ደግሞ በባዕድ አገር፣ ብርድ እየመጣ፣ ስንቅ ፍለጋ ሰዎቹን ይበትናል። በእርግጥ ዊሊያም አካባቢውን እየዘረፈና እያቃጠለ ስለነበር ዝም ብሎ ማየት ለአዲስ ንጉሥ ቀላል አይደለም። ግን ይህ በሃሮልድ እጅ የነበረ ምርጫ ነው፤ ነፋስ ግን ማንንም አያማክርም።

የዕለቱ ውጊያም ይህን ይደግፋል። እንደ እኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ የተጀመረው ፍልሚያ ጀምበር እስክትጠልቅ ዘለቀ፤ ለዘመኑ እጅግ ረጅም ነው። ጋሻ ለጋሻ ገጥመው ኮረብታው ላይ የቆሙት እንግሊዞች፣ ያ ሁሉ ጉዞና ጉድለት እያለባቸው፣ ሊመሽ እስኪል አልተፈቱም። የጎደለው ሰው ቢደርስላቸው ኖሮ ምናልባት ሌሊቱ ይደርስላቸው ነበር።