ሦስት ቀን በሮም

ሮም በሦስት ቀን አትዳረስም። ይህን አስቀድሞ መቀበል ጉዞውን ያቀልለዋል። በትውፊት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ753 ተቆረቆረች የምትባል ከተማ ናት። የቄሣሮቹ ፍርስራሽ፣ የፖፖቹ አብያተ ክርስቲያናት፣ ሙሶሊኒ ያስከፈታቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ጎን ለጎን ይታያሉ። ደግነቱ ዋና ዋናዎቹ ቦታዎች አይራራቁም። ከኮሎሲየም እስከ ቫቲካን በእግር አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ስለዚህ ዕቅዱን በሰፈር ማውጣት ይሻላል። አንድ ቀን ለጥንቷ ሮም፣ አንድ ቀን ለቫቲካን፣ አንድ ቀን ለመሀል ከተማው አደባባዮች። ለእኛ ሰው ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። ሮም ውስጥ የራሳችን ታሪክ አለ። ብዙ ጎብኚ አጠገቡ ቆሞ ሳያውቀው ያልፋል። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት፣ ለይቼ ካልነገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በፊት ቪዛ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ዋና መድረሻው ሮም ከሆነ ማመልከቻው የሚገባው ለጣሊያን ነው። የአዋቂ ሰው ክፍያ 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይጠየቃል። ትልቁ ጉዳይ ጊዜው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ደንቡን አጥብቋል። መደበኛው የ15 ቀን የውሳኔ ጊዜ ለእኛ 45 ቀን ሆነ። ስለዚህ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት መጀመር ነው። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ይቀበላሉ። ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት ቪዛው ከመውጣቱ በፊት መቁረጥ ግን አይመከርም። ጀርመን ወይም ስዊድን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ይህ ሁሉ አይመለከተውም። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘም እንዲሁ። ዱባይ ወይም ሪያድ የሚኖር ወገን የሚያመለክተው እዚያው በሚኖርበት አገር ነው።

ወቅቱን በተመለከተ ኤፕሪል፣ ሜይና ኦክቶበር ጥሩ ናቸው። ጁላይና ኦገስት ሙቀቱ ይከብዳል፣ ሰልፉም ፀሐይ ላይ ነው። በኦገስት አጋማሽ የከተማው ሰው ራሱ ለዕረፍት ስለሚወጣ ብዙ ትናንሽ ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ በቀጥታ ፊዩሚቺኖ በሚባለው የሮም አየር ማረፊያ ያወርዳል። ከዚያ ወደ ተርሚኒ ጣቢያ የሚሄደው ሌዮናርዶ ኤክስፕሬስ ባቡር 32 ደቂቃ ይፈጃል፣ ዋጋው 14 ዩሮ ነው። ማደሪያ በተርሚኒ አካባቢ ረከስ ይላል። የሐበሻ ምግብ ቤቶችም እዚያው ዙሪያ ይገኛሉ። ሞንቲ የሚባለው ሰፈር ደግሞ ለኮሎሲየም ቅርብ ነው፣ ማታ ማታም ደስ ይላል። ከአልጋ ዋጋው ሌላ ለከተማው የሚከፈል የቱሪስት ቀረጥ አለ። ባለ 3 ኮከብ ሆቴል ከሆነ ለአንድ ሰው በአዳር 6 ዩሮ ነው። ሲወጡ ሲጠየቁ እንዳይደነግጡ።

የመጀመሪያው ቀን በኮሎሲየም ይጀምር። ያስጀመረው ንጉሠ ነገሥት ቬስፓሲያን ነው፣ ልጁ ቲቶ በ80 ዓ.ም. መርቆ ከፈተው። 50,000 ያህል ተመልካች ይይዝ ነበር። ትኬቱ 18 ዩሮ ሲሆን የጥንቷን ከተማ ዋና አደባባይ የሮማ ፎረምንና የፓላቲን ኮረብታን ያካትታል። ስም ተጽፎበት ስለሚሸጥ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ መያዝ ግድ ነው። ትኬቱ መሸጥ የሚጀምረው ከ30 ቀን በፊት ስለሆነ ያኔውኑ ከራሱ ከኮሎሲየሙ ድረ ገጽ ላይ መግዛት ያስፈልጋል። በር ላይ የሚያባብሉ ሻጮች ዋጋውን እጥፍ ያደርጉታል። ጠዋት በመጀመሪያው ሰዓት መግባት፣ ከዚያ ፎረሙን በእርጋታ መውረድ ነው። ፎረሙ ያለ ማብራሪያ ሲታይ የድንጋይ ክምር ይመስላል። አጭር ንባብ ይዞ የገባ ሰው ግን የምክር ቤቱን አዳራሽ፣ የቲቶን የድል ቅስትና በቅስቱ ላይ የተቀረጸውን ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የተዘረፈ መቅረዝ ለይቶ ያያል።

ከኮሎሲየሙ ጎን የቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ቆሟል። እዚህ ጋ ትንሽ መቆም አለብን። አበበ ቢቂላ በሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 የማራቶኑን ሩጫ የጨረሰው እዚህ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነበር፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ውድድሩ የተጀመረው እዚያው ቅርብ ካለው ካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሥር፣ አመሻሽ ላይ ነው። ጥንታዊውን የአፒያ መንገድ ችቦ የያዙ ወታደሮች ያበሩ ነበር። አበበ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ለጥቁር አፍሪካ ደግሞ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ።

ከቅስቱ ተነስተው በሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና ቁልቁል ይሂዱ። አሥር ደቂቃ አይሞላም። የሚያገኙት ፖርታ ካፔና የሚባል አደባባይ ነው። ከ1937 ጀምሮ የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚህ ነበር። ወድቆና ተሰባብሮ የነበረውን ሐውልት የፋሽስት ጦር ከአክሱም ወደ ምፅዋ ጎትቶ በመርከብ አመጣው። ከፍታው 24 ሜትር፣ ክብደቱ ከ150 ቶን በላይ ነው። ፊት ለፊቱ የሚታየው ትልቅ ነጭ ሕንፃ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ነው። ሲታቀድ ግን ቅኝ ግዛቶችን ለሚያስተዳድረው ሚኒስቴር ነበር። አበበ ተቀናቃኙን ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎ የወጣው እዚህ ሐውልት አካባቢ፣ ሩጫው ሊያልቅ ሲል ነው። ይህን እያሰቡ በዚያ መንገድ ላይ መራመድ ለኢትዮጵያዊ ሌላ ስሜት አለው።

ሐውልቱን ጣሊያን እንድትመልስ የሚያስገድደው የሰላም ውል የተፈረመው በ1947 ነው። እስኪፈጸም ከ50 ዓመት በላይ ፈጀ። በ2002 መብረቅ መታው። በ2003 ፈታቱት። በኤፕሪል 2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ። ተተክሎ የተመረቀው በሴፕቴምበር 2008 ነው። ዛሬ አደባባዩ ላይ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች አሉ። የኒው ዮርኩ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ ናቸው። የእኛ ሐውልት የነበረበት ባዶ ቦታ ራሱ መታየት የሚገባው ነው ብዬ አምናለሁ። ሲደክሙ ቺርኮ ማሲሞ የሚባለው የሜትሮ ጣቢያ አጠገቡ ነው።

ሁለተኛው ቀን ለቫቲካን ነው። ከተማ ውስጥ ያለ አገር ነው። ስፋቱ 44 ሄክታር ሲሆን በ1929 ውል ራሱን የቻለ መንግሥት ሆነ። ሙዚየሙ እሑድ ይዘጋል፣ ከወሩ መጨረሻ እሑድ በስተቀር። ያን ዕለት በነፃ ስለሆነ ሰልፉ አይጣል ነው። ረቡዕ ጠዋትም ፖፑ ሕዝብ ስለሚቀበሉ አደባባዩ ይጨናነቃል። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ጠዋት ትኬት አስቀድሞ መያዝ ይበጃል። የሙዚየሙ መተላለፊያ ረጅም ነው። ሁሉን ላንብብ ያለ ሰው ሲስቲን ጸሎት ቤት ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል። የሚኬላንጄሎ የጣሪያ ሥዕል ከ1508 እስከ 1512 የተሠራ ነው። በመሠዊያው ግድግዳ ላይ ያለውን የመጨረሻውን ፍርድ የሣለው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። አንገትዎን ቀና አድርገው ዝም ብለው ይዩ።

የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያው ነፃ ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። ነጠላ ይዛ የሄደች ሴት በዚህ አትቸገርም። ጉልላቱ ላይ በእግር ለመውጣት 551 ደረጃ አለ። በአሳንሰር ቢጀምሩ እንኳን 320 ይቀራል። አናቱ ላይ ሆነው ከአደባባዩ በተቃራኒ በኩል፣ ወደ አትክልት ስፍራው ይመልከቱ። በዚያ በባዚሊካው ጀርባ ነው የእኛ ቤት ያለው።

ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ይባላል። በቫቲካን ውስጥ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ጥንታዊው ነው። ፖፕ ሲክስቱስ አራተኛ በ1479 ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሰጧቸው። ኢየሩሳሌምን አልፈው፣ ባሕር ተሻግረው የሚመጡ መነኮሳት እዚያ ያርፉ ነበር። ከዚያ የወጣው ሥራ ግን ከማረፊያነት በላይ ነው። አሁን ይህን ጽሑፍ የሚያነቡበት ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው ሮም ውስጥ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ከመነኮሳቱ ግዕዝ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። ቀጥሎ ከደብረ ሊባኖስ የመጡት አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን አዲስ ኪዳን በ1548 እና 1549 አሳተሙ። አገር ቤት በግራኝ ጦርነት መጻሕፍት ሲቃጠሉ ነው የመጡት። የተቀበሩትም እዚያው ቅዱስ እስጢፋኖስ ነው። በ1649 ደግሞ ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ አባ ጎርጎርዮስን ሮም አገኛቸው። አባ ጎርጎርዮስ የአማራው የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። ከእሳቸው የተማረው አማርኛ በ1698 ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሆኖ ታተመ።

ቦታው እንደ ባዚሊካው ለመጣ ሁሉ ክፍት አይደለም። በአትክልት ስፍራው ውስጥ በ1919 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሌጅም አለ። የቫቲካንን አትክልት ስፍራ ለማየት ልዩ ጉብኝት አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ጊዜና ገንዘብ ከፈቀደ ይህን ከማንኛውም ሙዚየም አስቀድማለሁ።

ሦስተኛው ቀን ቀለል ያለ ነው፣ አብዛኛውም በነፃ። ፓንቴዮን ከ1,900 ዓመት ገደማ በፊት የተሠራ ነው። የጉልላቱ ስፋትና ከወለሉ ያለው ከፍታ እኩል ነው፣ 43 ሜትር ከጥቂት። መሀሉ ክፍት ስለሆነ ዝናብ ይገባል። ከ2023 ወዲህ 5 ዩሮ ያስከፍላል። ከዚያ አምስት ደቂቃ ተራምደው ፒያሳ ናቮና ይደርሳሉ። የቤርኒኒ የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ በ1651 የተጠናቀቀ ነው። ከአራቱ አንዱ ዓባይ ነው። ራሱን በጨርቅ ተሸፍኗል። ምንጩ አይታወቅም ለማለት ነው። የግሽ ሰው ግን ምንጩን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፣ ጠበሉንም ይጠጣል። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝም በ1618 እዚያው ግሽ ቆሞ አይቶት ነበር። ጎጃሜ ጓደኛ ካልዎት ፎቶውን ይላኩለት።

ትሬቪ ፏፏቴ ቀን ቀን መቆሚያ የለውም። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይሂዱ። የስፔን ደረጃዎች 135 ናቸው፣ መውጣት ይቻላል፣ መቀመጥ ግን ከ2019 ወዲህ ያስቀጣል።

ስለ ሆድም ላንሳ። በጾም ወቅት የሄደ ሰው አይራብም። ፒዛ ማሪናራ በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚሠራ ነው፣ ፎርማጆ የለውም። ደረቅ ፓስታ በቲማቲም ስጎ እንዲሁ ይሆናል። ያልደረቀው ፓስታ ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት፣ ይጠይቁ። ፍስክ ከሆነ የሮም ዝነኛ ፓስታዎች ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ካቾ ኤ ፔፔ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የአሳማ ሥጋ ስላለባቸው የማይበላ ሰው ሦስተኛውን ይዘዝ። ቡና ባንኮኒው ላይ ቆመው ቢጠጡ ይረክሳል። የተቀመጠ ሰው እጥፍና ከዚያ በላይ ሊከፍል ይችላል። ውኃ አይግዙ። መንገድ ዳር ቀን ከሌት የሚፈሱት የብረት ቧንቧዎች ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ናቸው። ከ2,000 በላይ አሉ። ጠርሙስ መያዝ ብቻ ነው።

መንገዱ ትናንሽ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ስለሆነ ተረከዝ ያለው ጫማ አይሆንም። አንድ የአውቶቡስ ወይም የሜትሮ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፣ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ በኪስ አውላቂ የታወቀ ነው። ቦርሳ ፊት ለፊት ይያዝ።

በመጨረሻው ጠዋት ወደ ተርሚኒ ሲመለሱ ግማሽ ሰዓት ያትርፉ። ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጃንዋሪ 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው ከግብፅ በመጣ ትንሽ የራምሴስ ሐውልት ላይ የተሠራ ነው። ከጣቢያው ጥቂት ደቂቃ ርቆ፣ ዛፎች መሀል ይገኛል። ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ የተተከለው በዚሁ ሐውልት ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1938 ተንበርክኮ ጸልዮ ሰይፉን የመዘዘው እዚያ ነው። እስከ ሞተበት 1945 ድረስ በጣሊያን የአእምሮ ሕሙማን ተቋም ተዘግቶበት ቆየ። አንበሳው በ1960ዎቹ ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ፊት ለፊት ቆሟል። ሮም ያለው የግብፁ ሐውልት ብቻ ነው። የአየር ማረፊያው ባቡር ከዚሁ ጣቢያ ይነሣል።